ሰማያዊና አረንጓዴ

«ዛሬ ከሰዓት እማማን በፓርኬስ ጨዋታው ላይ እናያቸዋለን» አለ ፌርሚን። «እንዳለፉት ሦስት እሑዶች ከተሳሳቱ ነገ ጠዋት እወስዳቸዋለሁ። አልጋው የተያዘልን እስከ ነገ ድረስ ነው።»

ዶኛ ኦቲሊያ ይህን የሰሙት ለቅዳሴ ሊለብሱ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ካልሲያቸውን ሲጎትቱ ነው። ወንድ ልጃቸው ፌርሚንና ሴት ልጃቸው ዮሊማ ጓሮ፣ ከልብስ ማጠቢያው ገንዳ አጠገብ ቆመው ይንሾካሾካሉ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእሳቸው ጆሮ ግን በሰማንያ ሁለት ዓመታቸውም የጎረቤት ድስት ሲንተከተክ ይሰማ ነበር። አልጋው ያለው ፍሎሪዳብላንካ ነው፤ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት። መስኮት አለው፣ በመስኮቱ የማንጎ ዛፍ ይታያል፣ ነርሶቹ ጨዋ ናቸው፣ ለወር አንድ ሚሊዮን ስምንት መቶ ሺህ ፔሶ ብቻ ነው። ፌርሚን ይህን ሁሉ እንደ ቤት ደላላ ዘረዘረው። ዮሊማ ግን «ሰው በጨዋታ ይፈረድበታል እንዴ?» አለች። «ጨዋታው ብቻ መሰለሽ?» አላት። «ቡናዬ ውስጥ ጨው ጨመሩልኝ። አንድ እግር ጥቁር፣ አንድ እግር ሰማያዊ ጫማ አድርገው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። የጎረቤታችንን የግሪሰልዳን ልጅ በሞተችው አክስቷ ስም ጠሯት። አሁን ደግሞ እማማ በጨዋታው የሰው ጠጠር መብላት ረሱ፣ ዮሊማ። እማማ።»

በዚያ ቤት ፓርኬስ ቀልድ አልነበረም። ሟቹ ዶን አኒባል የቡካራማንጋ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ ቃሉ ጮክ ተብሎ ያልተጠራ እርምጃ አይጸናም ብለው ደንብ ያወጡትም እሳቸው ናቸው። ሁለቱን ዳይሶች ያንከባለለ ቁጥሩን ለሁሉም ያሰማል። ጥንድ፣ ማለትም በሁለቱም ዳይስ አንድ ዓይነት ቁጥር ወጥቶለት ጠጠሩን ከመነሻው ጥግ፣ ከእስር ቤት፣ ያስፈታ «ወጣሁ» ይላል። ማንም ሊነካው የማይችልበት ቦታ ላይ ያረፈ «መጠጊያ» ይላል። የሌላ ሰው ጠጠር ላይ የወደቀ «በላሁ» ይላል፤ የተበላውም ወደ እስር ቤት ይመለሳል። ሰሌዳውን ዞሮ መሀል የገባ «ሰማይ» ይላል። ከሁሉም መራራው ግን «እፍ» ነው። መብላት እየቻለ ሳያየው ያለፈ ሰው ካለ፣ ቀድሞ ያየ ሌላ ተጫዋች «እፍ» ይልበታል፤ መብላት የነበረበት ጠጠሩም እንደ ሻማ ጠፍቶ እስር ቤት ይወርዳል። ዶኛ ኦቲሊያ በሃምሳ ዓመት ውስጥ በባላቸው፣ በልጆቻቸው፣ በጎረቤቶቻቸው፣ አንዴማ ቤቱን ጸበል ሊረጩ በመጡ ቄስ ላይ ሳይቀር እፍ ብለዋል። በእሳቸው ላይ ግን እፍ ያለ ሰው አልነበረም። ባለፉት ሦስት እሑዶች የአማቻቸው፣ የዮሊማ ባል የኤቬሊዮ ቀይ ጠጠር አፍንጫቸው ሥር ቆሞ ሳለ ሁለት ጊዜ አለፉት፤ አንድ ጊዜ ደግሞ የዮሊማን አረንጓዴ ጠጠር የራሳቸው መስሏቸው ነዱት። ልጆቻቸው እርስ በርስ ተያዩ እንጂ አንዳቸውም እፍ አላሉም። ዶኛ ኦቲሊያን የጎዳቸው ይህ ዝምታ ነበር። በሰው ላይ እፍ የማይባለው ሲታዘንለት ብቻ ነው።

እውነቱን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ከፋሲካ ወዲህ ዓይናቸው ላይ የወተት ስልባቦት የመሰለ ነገር ተጋርዷል። የሰው ቅርጽ ያያሉ፣ ፊቱን አያዩም። ሰማያዊና አረንጓዴ፣ ጥቁርና ቡናማ አንድ ሆነውባቸዋል። ጨውና ስኳር በአንድ ዓይነት ጣሳ ነው የሚቀመጡት፤ ጫማውም ከአልጋ ሥር በዳበሳ የተነሣ ነው። ያልተናገሩበት ምክንያት ደግሞ እህታቸው ኤርሜሊንዳ ናት። ኤርሜሊንዳ ዓይኗ ሲደክም ለልጆቿ ነገረቻቸው። በመጀመሪያ ቢላዋውን ወሰዱባት፣ ቀጥሎ ምድጃውን፣ ቀጥሎ የበሩን ቁልፍ፤ ከዚያ ወንበር ላይ አስቀመጧትና «እርስዎ ይረፉ» አሏት። አራት ዓመት አረፈች፣ ሞተች። ዶኛ ኦቲሊያ ምድጃቸውን ለማንም የሚሰጡ ሰው አልነበሩም። አሁን ግን ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነባቸው። ዓይኔ ነው ካሉ ምድጃው ይሄዳል፤ ዝም ካሉ ቤቱ ይሄዳል። ካልሲያቸውን ጎትተው ጨረሱና «እንግዲያው አልሳሳትም» አሉ ለራሳቸው።

ቤተ ክርስቲያን ከበራቸው ሁለት መቶ አርባ እርምጃ ነው። ቆጥረው ሄዱ፣ ቆጥረው ተመለሱ። መካከል ላይ ለእሑዱ ሾርባ ለሙቴው የሚሆን የድንብላል ቅጠል ገዙ። ቅጠል ሻጯ «ዛሬ እስሩ ሁለት ሺህ ገብቷል እመቤቴ፤ ዝናቡ ጨረሰን» አለቻቸው። እሳቸውም ቅጠሉን አሽትተው «ዝናቡ ሳይሆን አንቺ ነሽ የጨረስሽን፤ ይሄ የትናንት ነው» ብለው ሌላ አስለወጡ። አፍንጫቸውም ደህና ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ግን አንድ ነገር ሰርቀዋል፤ የሻማ ቁራጭ። እቤት ገብተው በራቸውን ዘጉና አራቱን ሰማያዊ ጠጠሮች ከሣጥኑ ለዩ። መለየቱ ራሱ ግማሽ ሰዓት ፈጀ፤ መስኮቱ ጋ አስጠግተው፣ ከሰማያዊ መሀረባቸው ጋር አስተያይተው፣ በመጨረሻም ጸልየው ነው። በየጠጠሩ አናት ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ሰም ለጠፉ። ጣት ሲነካት ትታወቃለች፣ ዓይን አያያትም። ከዚያ በኋላ ወጥ ቤት ገብተው ሙቴውን ሲሠሩ ያንጎራጉሩ ነበር።

ምሳ ቀረበ። ዶኛ ኦቲሊያ የልጃቸው ዓይን እጃቸውን ሲከተል ይታወቃቸዋል፤ ሎሚ ሲያነሱ፣ ውሃ ሲቀዱ፣ ዳቦ ሲቆርሱ። ኤቬሊዮ አውቶቡስ ነጂ ነውና ዝምታ አይችልም፤ ስለ መንገዱ ጉድጓድ አወራ፣ ስለ ናፍጣ ዋጋ አወራ፣ ሁለተኛ ሳህን ጠየቀ። «አማቴ፣ ይህን ሙቴ የሠራ እጅ ይባረክ» አለ። «ጨው እንዴት ነው?» አሉ ዶኛ ኦቲሊያ፣ ወደ ፌርሚን ዞረው። «ጨው ደህና ነው እማማ» አለ ፌርሚን፤ ሲለው ግን ያፈረ ይመስል ነበር። ዮሊማ ግማሹን ትታ ተነሣች።

ሳህኑ ሲነሣ ፌርሚን ከመኪናው አንድ ትልቅ ጥቅል ይዞ ገባ። «አዲስ ሰሌዳ ገዛሁ» አለ። «የድሮው ቀለሙ ለቋል። ይሄ ላዩ መስታወት ነው፤ ጠጠሮቹም አዲስ፣ ሁሉም ጥርት ብለው የሚታዩ።» ክፉ አስቦ አልነበረም። እናቱ ቢሳሳቱ በኋላ ሰሌዳው ነው የሚል እንዳይኖር፣ ፍርዱ ፍትሐዊ እንዲሆን ብሎ ነው፤ የጸሐፊ ልጅ አይደል? ዶኛ ኦቲሊያ ሰም የለጠፉባቸው ጠጠሮች ሣጥናቸው ውስጥ ቀሩ። «ደስ ይላል» አሉ፤ ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡ፤ መቀነቱን ጠበቅ እንደሚያደርግ ሰው ቀሚሳቸውን ጉልበታቸው ላይ ሰበሰቡ።

የቀራቸው ጆሮና ጭንቅላት ነው። መንገዱን ያውቁታል፤ ከእያንዳንዱ ሰው መውጫ ሰባት እርምጃ መጠጊያ፣ ከዚያ አምስት ሌላ መጠጊያ፣ ከዚያ አምስት የሚቀጥለው ሰው መውጫ፣ እሱም መጠጊያ ነው፤ ይህ አራት ጊዜ። ዳይሶቹን ጥለው ሳያገላብጡ ያነሡና የላይ ነጥቦቻቸውን በአውራ ጣታቸው ዳበስ ያደርጋሉ፤ ጉድጓድ ጉድጓድ ናቸው። ሰዎቹ ቁጥራቸውን ሲጠሩ ደግሞ እሳቸው ውስጥ ሌላ ሰሌዳ አለ፤ ቀይ እዚህ፣ ቢጫ እዚያ፣ አረንጓዴ ከመጠጊያው ሁለት አልፎ። «አምስትና ሁለት፣ መጠጊያ» ይላል ኤቬሊዮ። «ጥንድ ሦስት፣ ወጣሁ» ትላለች ዮሊማ። ዶን አኒባል ያን ሁሉ ዘመን ቃሉን ጥሩ እያሉ የጨቀጨቁት ለዚህች ቀን ኖሯል። ዶኛ ኦቲሊያ ላባቸው በጀርባቸው እየወረደ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ አንድም ሳይስቱ ተጫወቱ። የፌርሚንን ቢጫ ሁለት ጊዜ በሉ። ሁለት ጠጠር አስገብተው «ሰማይ» አሉ። አንዴ ኤቬሊዮ የዮሊማን ጠጠር ሳይበላ ሲያልፍ እጁን ከጠጠሩ ላይ ሳያነሣ «እፍ» አሉበት፤ ዮሊማ ሳታስበው ሳቀች። ፌርሚን ግን ገና አልሳቀም፤ እያየ ነበር።

ኤቬሊዮ ደግሞ ሌባ ነው፤ በጨዋታ ማለቴ ነው፣ በቀረው ነገር እንኳ ጨዋ ሰው ነው። አንድ የቀረችው ቀይ ጠጠር አደጋ ላይ ስትሆን ጣቱ አንድ ቤት ትጨምራለች። «ሦስትና አንድ» አለና ጠጠሩን አንቀሳቅሶ «መጠጊያ» አለ።

«አይደለም» አሉ ዶኛ ኦቲሊያ።

«ምኑ ነው ያልሆነው አማቴ?»

«መጠጊያው። ከመውጫህ ሰባት ሄደህ መጠጊያ አልክ። ቀጥሎ አራትና አንድ ጣልክ፣ ሁለተኛው መጠጊያ ላይ አረፍክ። አሁን የጣልከው ሦስትና አንድ፣ አራት ነው፤ የረገጥከው ግን አምስት። የዮሊማ መውጫ ላይ ለመድረስ አንድ ይጎድልሃል። መልሳት።»

ኤቬሊዮ ወደ ሰሌዳው አጎንብሶ ቆጠረ፤ ቆጠረና «እኚህ ሴትዮ ጭንቅላታቸው ውስጥ ካሜራ አለ» ብሎ ጠጠሩን አንድ ወደ ኋላ መለሳት። ፌርሚን በወንበሩ ላይ ተቃና። ዶኛ ኦቲሊያ ልባቸው በደስታ ዘለለች፤ ነገ ሰኞ ገበያ ምን እንደሚገዙ ሳይቀር ማሰብ ጀመሩ። ተራው የእሳቸው ነበር። ዳይሱን ጣሉ፣ አነሡ፣ ዳበሱ። «አራትና ስድስት።» ሰማያዊው ጠጠራቸው ያለው ኤቬሊዮ አሁን በተነሣበት መጠጊያ ላይ ነው፤ በአራት ትበላዋለች። ያ መጠጊያ ላይ ግን የዮሊማም ጠጠር አለ፤ ሰማይ ልትገባ በሩ ላይ ቆማለች። የእኔ በቀኝ በኩል ናት አሉ በልባቸው፤ ቅድም በቀኝ ነው ያስቀመጥኳት። ዮሊማ ቅድም ክርኗ ሰሌዳውን ነክቶ ጠጠሮቹን መልሳ ስታስተካክል ቦታቸውን እንዳቀያየረች አላወቁም። እጃቸውን ሰደዱ፤ ያዙ፤ አራት ቆጠሩ። «በላሁ» አሉ።

ማንም አልተናገረም። ከመንገድ የአይስክሬም ሻጭ ደወል ይሰማል። ዶኛ ኦቲሊያ ያንን ዝምታ አወቁት፤ ያለፉት ሦስት እሑዶች ዝምታ ነው።

«እማማ» አለ ፌርሚን ቀስ ብሎ፤ «ይሄ የማን ጠጠር ነው?»

«የእኔ ነው። በስድስት ከእስር ቤት መውጫ ተነሥቶ፣ ከዚያ በስምንት…» ብለው የጠጠሩን ታሪክ አንድ ሳያስቀሩ ነገሩት። ሁሉም ልክ ነበር። ፌርሚን ግራ ገብቶት እህቱን ተመለከተ። ዮሊማ ግን የምታየው የእናቷን ፊት ሳይሆን እጃቸውን ነበር፤ ጣቶቹ ጠጠሩን ይዘው አናቱን ይዳብሳሉ፣ አንድ ነገር የሚፈልጉ ይመስል። ተነሣችና ሁለቱን ጠጠሮች በሁለት እጇ ይዛ እናቷ ፊት አቀረበች።

«እማማ፣ የቱ ነው ሰማያዊው?»

ዕድሉ እኩሌታ ነው። ዶኛ ኦቲሊያ አንዱን ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ቢገጥምላቸው ነገ ቤታቸው ናቸው። ግን ነገ ሌላ እሑድ አለው፤ ከዚያም ሌላ። ሁለት ወር ተኩል እርምጃ ሲቆጥሩ፣ ጣሳ ሲያሸቱ፣ በሰው ድምፅ ስሙን ሲገምቱ ከርመው ደክሟቸው ነበር። ምድጃውም ይሂድ አሉ በልባቸው።

«አላውቅም» አሉ። «አይታየኝም ልጄ። ከፋሲካ ወዲህ አይታየኝም።»

መጀመሪያ የተሰማው የዮሊማ ሳቅ ነው፤ ሳቁ መሀል ላይ ልቅሶ ሆነ፤ ተመልሶም ሳቅ ሆነ። ጠጠሮቹን ጥላ እናቷን አንገታቸውን አቀፈች። «ዓይን ነው» ትላለች፣ «ፌርሚን፣ ዓይን ነው እኮ። የሱቃችን ባለቤት እናት ሞራ ነበረባት፣ በሃያ ደቂቃ ገፈው ላኳት፤ አሁን በመርፌ ክር ታስገባለች።» ፌርሚን ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አንድ በአንድ ያስታውስ ነበር፤ ጨው፣ ጫማ፣ የግሪሰልዳ ልጅ። እያንዳንዱ ነገር ቦታው ላይ ሲገባለት ትከሻው አንድ አንድ ጣት ዝቅ ይላል።

«ቆይ እንጂ» አለ ኤቬሊዮ። «ሳያዩ ነው ሁለት ጠጠር ሰማይ ያስገቡት? ሳያዩ ነው እኔን የያዙኝ? ቢያዩማ ኖሮ ሱሪያችንን አስወልቀውን ነበር።»

«አንተን ለመያዝ ዓይን አያስፈልግም» አሉ ዶኛ ኦቲሊያ። «ጠጠር ስትሰርቅ ትንፋሽህን ትይዛለህ።»

ፌርሚን ግን ገና አልጨረሰም። «ለምን አልነገሩንም?» አለ።

«ምድጃዬን ትወስዱብኛላችሁ ብዬ ነዋ። እንደ ኤርሜሊንዳ።»

«እኛ ደግሞ ቤቱን ሙሉ ልንወስድብዎት ነበር።»

«አውቃለሁ። ጠዋት በመስኮቱ ሰምቻችኋለሁ፤ የማንጎ ዛፉን ሳይቀር።» ዶኛ ኦቲሊያ አሁን ተቆጡ፤ ቀኑን ሙሉ የዋጡት ቁጣ ነው። «እናንተን ወልጄ፣ እንደ አደረ ወተት አሸተታችሁኝ። በጨዋታ ፈተናችሁኝ። አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ እማማ ምን ሆነዋል ብሎ ቢጠይቀኝ ምን ነበረበት?» ሁለቱም ልጆች መሬት መሬቱን አዩ። እውነት ነበር፤ ማንም አልጠየቀም። እሳቸውም ይህን ካሉ በኋላ ትንሽ ጸጸታቸው፤ እኔስ መች ተናገርኩ ብለው። «ሐኪሙ ጋ ነገ እሄዳለሁ» አሉ ለስለስ ብለው። «ምድጃው ግን የእኔ ነው። ስኳሩን በሌላ ጣሳ አድርጉልኝ፣ በቃ።»

«ምድጃው የእርስዎ ነው» አለ ፌርሚን። ስልኩን አውጥቶ እዚያው፣ በሁሉም ፊት፣ ፍሎሪዳብላንካ ደወለ፤ አልጋውን አንፈልገውም፣ ይቅርታ፣ አዎ በእርግጥ አንፈልገውም አለ። ሲዘጋው ዓይኑ ሞልቶ ነበር። «እኔን ያስፈራኝ ጨዋታው አልነበረም እማማ» አለ። «ጨውም አልነበረም። ለፋሲካ ጸጉሬን ቀለም ተቀባሁ። ጥቁር። ጫማ በምሸጥበት ሱቅ አንድ ሳምንት ሳቁብኝ። እዚህ ስመጣ እማማ ዛሬ ቆዳዬን ይገፉታል ብዬ፣ የምመልሰውን ሳይቀር አዘጋጅቼ ገባሁ። እርስዎ ግን አየት አደረጉኝና ‹ምሳ በላህ?› አሉኝ። አንድ ቃል አልተናገሩም። የዚያን ቀን መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። እናቴ የሉም አልኩ።»

ዶኛ ኦቲሊያ ወደ ልጃቸው ድምፅ ዞሩ።

«ቀለም?» አሉ። «ጸጉርህን?»

«ጥቁር ነው ተብሎ ነው የተሸጠለት» አለ ኤቬሊዮ። «ፀሐይ ላይ ሲወጣ ግን ወይን ጠጅ ነው።»

«በሃምሳ ስድስት ዓመትህ?» ዶኛ ኦቲሊያ እጃቸውን ዘርግተው የልጃቸውን ራስ ፈልገው ያዙ፤ ጸጉሩን በጣቶቻቸው መካከል አሹት፤ አሸተቱት። «አባትህ በሽበቱ ዳኞችን ያስነሣ ነበር። አንተ ራስህን እንደ በር ቀለም ታስቀባለህ? ይሄ ምንድን ነው፣ የጫማ ቀለም ነው? ከምትሸጠው የተረፈህን ነው የተቀባኸው? ለማን ብለህ ነው፣ ለየትኛዋ ሴት? እሷስ እንደ እኔ ዓይኗን ታማ ነው?» ዮሊማ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ትስቃለች። ዶኛ ኦቲሊያ ግን ሁለት ወር ተኩል ያመለጣቸውን ሁሉ ሊያካክሱ ነው፤ ቅንድቡን ጨምረህ ተቀብተህ እንደሆነ አሁኑኑ ንገረኝ አሉ፤ ስትሞት እግዚአብሔር አያውቅህም አሉ፤ ትራሱን የምታጥበው ማን ናት አሉ።

ፌርሚን አንገቱን ደፍቶ፣ እንባው በአፍንጫው ጫፍ እየተንጠባጠበ፣ ሁሉንም ተቀበለ። እናቱ ትንፋሽ ለመውሰድ ዝም ሲሉ «የኋላውን ገና አልነኩትም እማማ፤ ከኋላ ይብሳል» አለና ዞረላቸው።